የዋሪየር 95 ቀናት፦ የአንዲት መርከብ ጭነት ጉዳይ ጥናት

ዋሪየር የምትባል የጭነት መርከብ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1954 ከኒው ዮርክ ብሩክሊን ተነስታ፣ አትላንቲክን አቋርጣ፣ ጀርመን አገር ብሬመርሃቨን ወደብ ገባች። አልሰመጠችም። አልተቃጠለችም። ሄደች፣ ጭነቷን አራገፈች፣ በቃ። ስለ ወደብ ሥራ ካነበብኩት ሁሉ ግን የዚህችን መርከብ ጉዞ ያህል ያስተማረኝ የለም።

ምክንያቱ ጭነቷ አንድ በአንድ መቆጠሩ ነው። በአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚና በብሔራዊ የምርምር ምክር ቤቱ ሥር የተቋቋመ የባሕር ጭነት አጥኚ ቡድን ነበር። ይህ ቡድን ዋሪየርን መረጠና ዕቃዋን ከላኪው ደጅ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ተቀባዩ እጅ እስኪገባ ድረስ ተከታተለው። ማወቅ የፈለገው ገንዘቡና ጊዜው የት እንደሚያልቅ ነው። ባሕር ላይ ነው? ወደብ ላይ ነው? መጋዘን ውስጥ ነው? የመርከብ ባለቤቶች ያኔም ቢሆን “ወደብ ነው የሚበላን” ይሉ ነበር። ግን የሚያወሩት በግምት ነው። ዋሪየር ላይ ግምቱ ቀርቶ ልኩ መጣ።

መርከቧ በዘመኗ የተለመደች ዓይነት ናት። ሲ-2 ከሚባሉት ነች። እነዚህ መርከቦች 140 ሜትር ገደማ ይረዝማሉ፤ አምስት የጭነት ጉድጓድ፣ ማለትም ዕቃ የሚታጨቅበት ሆድ አላቸው። ባለቤቷ ዋተርማን የሚባል የመርከብ ድርጅት ነበር። የጫነችው ደግሞ ጀርመን ውስጥ ለሰፈረው የአሜሪካ ጦር የሚሄድ ዕቃ ነው። ምግብ አለ። በጦር ሰፈር ሱቆች የሚሸጥ ሸቀጥ አለ። የቤት ዕቃ፣ ፖስታ፣ የመኪናና የማሽን መለዋወጫ አለ። 53 ተሽከርካሪዎችም ነበሩበት።

ክብደቱ በጠቅላላው 5,015 ሎንግ ቶን ነው፤ አንዱ ሎንግ ቶን 1,016 ኪሎ ነው። በእኛ መለኪያ 51 ሺህ ኩንታል ገደማ መሆኑ ነው። ለአንድ መርከብ ይህ ብዙ አይደለም፤ በዛሬ ዓይን እንዲያውም ትንሽ ነው። የሚገርመው ክብደቱ ሳይሆን ብዛቱ ነው። ያ ሁሉ ጭነት የተሠራው ከ194,582 ነጠላ ዕቃዎች ነው።

ዝርዝሩን ማየት ደስ ይለኛል። 74,903 ኬዝ። 71,726 ካርቶን። 24,036 ከረጢት። 10,671 ሳጥን። 2,880 እስር። 2,877 ጥቅል። 2,634 ያልታሸገ ነጠላ ዕቃ። 1,538 የብረት በርሜል። 888 ጣሳ። 815 የእንጨት በርሜል። 21 ፍርግርግ ሳጥን። እንዲህ እያለ ይወርዳል፤ አምስት ጥቅልል ሽቦ መሰል ነገር ሳይቀር ተጽፏል። ከዝርዝሩ መጨረሻ ግን 1,525 ዕቃዎች ዓይነታቸው ሳይለይ ቀርተዋል። ልብ በሉ፤ ይህ ቡድን የተሰማራው ጭነቱን ለመከታተል ነው። ሌላ ሥራ የለውም። እንዲያም ሆኖ ከሺህ አምስት መቶ በላይ ዕቃ “ምን እንደሆነ አልታወቀም” ተባለ። ቆጣሪ በሌለበት በሌላው መርከብ ላይ ምን ያህል ዕቃ ሳይታወቅ ይጠፋ እንደነበር ከዚህ መገመት ይቻላል።

ክብደቱን ለብዛቱ ሳካፍለው አንድ ዕቃ በአማካይ 26 ኪሎ ገደማ መጣልኝ። መኪኖቹም ተደምረው ማለት ነው። 26 ኪሎ አንድ ሰው አንስቶ የሚሸከመው ነው። የዚያ ዘመን ማሸጊያ በሙሉ ለሰው ጀርባና ለሰው እጅ የተለካ ነበር። ጭነቱ ትንንሽ የሆነው ባሕሩ ስለጠየቀ አይደለም። የሚያነሳው ሰው ስለሆነ ነው።

ብሩክሊን ላይ የሆነው

ዕቃው የመጣው ከ151 የአሜሪካ ከተሞች ነው። በ1,156 የተለያየ ጭነት ተከፋፍሎ ነው የመጣው። የመጀመሪያው ወደቡ ላይ የደረሰው መርከቧ ከመነሳቷ ከአንድ ወር በላይ ቀድሞ ነው። ከዚያ ቁጭ ብሎ ሌሎቹን ጠበቀ።

ወደቡ ላይ የደረሰው ዕቃ ሁሉ ከመኪና ወይም ከባቡር ይወርዳል። ይቆጠራል፣ ይመዘገባል። ፓሌት በሚባል ዝርግ የእንጨት መደብ ላይ ይደረደርና መጋዘን ይገባል። የመጫኛው ቀን ሲደርስ ፓሌቱ ከመጋዘን ወጥቶ ከመርከቧ ጎን ይቀመጣል። ዊንች የሚባለው በገመድ የሚያነሳ ማሽን ያነሳዋል። ፓሌቱ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ወደ ጉድጓዱ ይወርዳል።

እስከዚህ ድረስ ማሽን አለ። ጉድጓዱ ውስጥ ግን ማሽን የለም። እዚያ ያሉት ሠራተኞች ፓሌቱ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ዕቃ በእጃቸው ያነሱታል። አንዱን ካርቶን፣ ሌላውን ከረጢት፣ ቀጥሎ ያለውን ሳጥን። እየተቀባበሉ ቦታ ቦታውን ያስይዙታል። ባዶው ፓሌት ተመልሶ ይወጣል። ሌላ ይመጣል።

ለምን ከነፓሌቱ አይቀመጥም? የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። የመርከብ ሆድ እንደ መጋዘን አራት ማዕዘን አይደለም። ግድግዳው ይጎብጣል፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላው ይጠባል። ፓሌት እዚያ ውስጥ ሲቀመጥ ብዙ ባዶ ቦታ ይቀራል። ባዶ ቦታ ደግሞ ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛ፣ ገቢ ያሳጣል። ሁለተኛ፣ አደገኛ ነው። ማዕበል ሲመጣ ያልታጨቀ ጭነት ይንሸራተታል። ጭነት ወደ አንድ ጎን ከሄደ መርከቧም ወደዚያው ትዘማለች። ስለዚህ ክፍተቱ ሁሉ በሳንቃ ይደገፋል፤ በገመድ ይታሰራል። ለዋሪየር የወጣው የሳንቃና የገመድ ሂሳብ 5,031 ዶላር ከ69 ሳንቲም ነው። ሳንቲሟ ሳትቀር ነው የጻፏት። ያ ሁሉ እንጨት ጀርመን ሲደርስ ሥራው ያበቃል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ጫኝና አውራጅ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ጉልበት ብቻ ነው። በእኛም አገር ቃሉ ሲነሳ ሰፈር ውስጥ ስለ ዋጋ የሚደረገው ጭቅጭቅ ነው ቶሎ ትዝ የሚለው። ወደብ ላይ ግን ይህ ሙያ ነው። ከባዱ ከታች፣ ቀላሉ ከላይ መሆን አለበት። የሚፈስ ነገር ከዱቄት መራቅ አለበት። የቱ ዕቃ የቱን ቢጫነው እንደሚሰባበር ማወቅ ያስፈልጋል። የግራው ከቀኙ፣ የፊቱ ከኋላው በክብደት መመጣጠን አለበት። ይህን የሚያውቀው ጉድጓዱ ውስጥ ላብ በላብ ሆኖ የሚሠራው ሰው ነው። መጥፎ አደራደር ሕይወት ያስከፍላል፤ የሚያስከፍለውም ወደብ ላይ ሳይሆን መሃል ባሕር ላይ ነው።

ሠራተኛውንም ቢሆን ሥራው አይምረውም ነበር። ከላይ የተንጠለጠለ ጭነት አለ። እግር ሥር ክፍት ጉድጓድ አለ። ዘይትና ውኃ የፈሰሰበት ብረት አለ። እንግሊዝ አገር ማንቸስተር ወደብ ላይ እ.ኤ.አ. በ1950 ከሁለት የወደብ ሠራተኞች አንዱ ሥራ ላይ ተጎድቷል። ከስድስቱ አንዱ ሆስፒታል ገብቷል። ይህ በአንድ ዓመት ውስጥ ብቻ ነው።

ኒው ዮርክ ላይ አንድ ቡድን ሃያ ሰው ገደማ ነበር። ካፖ አለው። ከላይ ሆኖ በእጁ ምልክት የሚሰጥ አለ። ዊንች የሚይዝ አለ። የቀረው ወይ ወደቡ ላይ ነው፣ ወይ ጉድጓዱ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 1953 መጨረሻ ድረስ ሰዎቹ የሚቀጠሩት በየቀኑ በር ላይ ቆመው ነበር። ግማሽ ክብ ሠርተው ይቆማሉ። ቀጣሪው እየጠቆመ ይመርጣል። ያልተመረጠው ወደ ቤቱ ይመለሳል። ለመመረጥ ጉቦ መስጠት፣ ከደመወዝ ማካፈል የታወቀ ነበር። ይህ አሠራር በሕግ የቆመው ዋሪየር ከመጫኗ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ጠዋት ጠዋት አደባባይ ዳር ቆመው የቀን ሥራ የሚጠብቁ ወጣቶችን አይቶ ለሚያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ነገሩን ብዙ ማብራራት አያስፈልግም።

ዋሪየርን ለመጫን ስድስት ቀን ፈጀ። ከስድስቱ አንዱ ቀን በሥራ ማቆም አድማ ባክኗል። ሥራው በቀን አንድ የስምንት ሰዓት ፈረቃ ነው። ስለዚህ ቢበዛ በአርባ ሰዓት ውስጥ ነው 194,582 ዕቃ ጉድጓድ የገባው። በሰዓት ከ4,800 በላይ ማለት ነው። እነዚህ ሰዎች ሰነፎች ነበሩ የሚል ካለ ይህን ቁጥር ይመልከት። ዘገምተኛ የነበረው ዘዴው ነው። ሰዎቹማ እየሮጡ ነበር።

ከዚያ በኋላ

ባሕሩ አሥር ቀን ተኩል ፈጀ። ስለ ጉዞው የምጽፈው የለኝም፤ ጥናቱም ብዙ አላተኮረበትም። ችግሩ እዚያ አልነበረም።

ብሬመርሃቨን ላይ ጀርመኖቹ ቀንና ሌሊት በፈረቃ ሠሩ። በአራት ቀን አራገፏት። ስድስትና አራት ሲደመር አሥር ነው። መርከቧ ውኃ ላይ የተጓዘችውን ያህል ጊዜ ወደብ ላይ ታስራ ቆማለች። መርከብ ገንዘብ የምታገኘው ስትሄድ ነው፤ ስትቆም ወጪ ናት።

የመጨረሻው ዕቃ ተቀባዩ ዘንድ የደረሰው መርከቧ ጀርመን በገባች በ33ኛው ቀን ነው። ብሩክሊንን ከለቀቀች ከ44 ቀን በኋላ ነው። የመጀመሪያው ዕቃ አሜሪካ ውስጥ ከላኪው ደጅ ከወጣ ደግሞ በ95ኛው ቀን ነው።

95 ቀን! ከዚህ ውስጥ አትላንቲክን ለማቋረጥ የሄደው አሥር ቀን ተኩል ብቻ ነው። 51 ቀን ያለፈው መርከቧ ገና ሳትነሳ ነው።

ቤት የቀየረ ሰው ይህን ያውቀዋል። ከጎፋ አያት ድረስ ዕቃ ሲሄድ አይሱዙው መንገድ ላይ የሚቆየው አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። ቀኑን የሚበላው ሌላው ነው። ቁምሳጥኑን ፈታትቶ ማውጣት። ሳህኑን በጋዜጣ መጠቅለል። ፍራሹን ማሰር። ከዚያ አያት ደርሶ ያንኑ ሁሉ እንደገና ማውረድ፣ እንደገና መግጠም። ማታ ደክሞት የሚወድቅ ሰው የደከመው ከመንገዱ አይደለም። ዋሪየርም እንደዚያው ናት፤ ልዩነቱ የሷ ዕቃ ወደ ሁለት መቶ ሺህ መድረሱ ነው።

አባቶቻችን “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” ይላሉ። እውነት ነው። ሸክም ሲካፈል ለተሸካሚው ይቀላል። ዋሪየር ላይ የሆነውም ይኸው ነው። 51 ሺህ ኩንታል በሃያ ስድስት ሃያ ስድስት ኪሎ ተከፋፍሎ ለሰው ትከሻ ተመቸ። የተረቱ ሌላኛው ገጽ ግን ሃምሳ ሰው መቅጠር፣ ሃምሳ ጊዜ መቁጠር፣ ሃምሳ ጊዜ ማቀባበል መኖሩ ነው። አጥኚዎቹ ገንዘብ አድርገው ያሳዩት ይህን ነው።

ገንዘቡ

ጭነቱን ከደጅ እስከ ደጅ ለማድረስ የወጣው 237,577 ዶላር ነው። መርከቧ የተመለሰችበት ወጪ አልተጨመረም። ከዚህ ውስጥ የባሕሩ ጉዞ የወሰደው 11.5 በመቶ ነው፤ ወደ 27,300 ዶላር። በሁለቱ ወደቦች ዕቃውን ለማንሳትና ለማውረድ የወጣው 36.8 በመቶ ነው፤ ወደ 87,400 ዶላር። ዕቃውን ጥቂት ሜትር ማንሳትና ማስቀመጥ፣ ውቅያኖስ ከማሻገር ከሦስት እጥፍ በላይ አስከፈለ። የቀረው በየብሱ መንገድና በሌሎች ወጪዎች ላይ ተበታትኗል።

ይህን ቁጥር ሳነበው ሁለት ነገር ልብ እላለሁ።

የመጀመሪያው ዋሪየር ቀላሏ መሆኗ ነው። ጭነቷ በሙሉ የአንድ ባለቤት ነው፤ የጦሩ። የምትሄደው ወደ አንድ ወደብ ብቻ ነው። አንድ የንግድ መርከብ ግን የመቶ ነጋዴ ዕቃ ይዛ አራትና አምስት ወደብ ትነካለች። በየወደቡ የሚወርደው ከላይ እንዲሆን አስቦ መደርደር ያስፈልጋል። የሁሉም ሰነድ ለየብቻ ነው። አንዱ ሰነድ ሲጎድል ያ ዕቃ ይቆማል። ዋሪየር ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነፃ ሆና ነው 95 ቀን የፈጀባት።

ሁለተኛው የጀርመኖቹ ደመወዝ ነው። ያን ጊዜ ጀርመን ከጦርነቱ ፍርስራሽ ገና እየተነሳች ነበር። የጀርመን የወደብ ሠራተኛ የሚከፈለው አሜሪካዊው ከሚያገኘው አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም። 36.8 በመቶው ዝቅ ብሎ የታየው በዚህ ምክንያት ነው። የመርከብ ባለቤቶች የወደብ ሥራ ከጠቅላላው ወጪ ከግማሽ በላይ ይወስዳል ሲሉ የነበረው ለንግድ መርከብ ብዙም የተጋነነ አልነበረም ማለት ነው። ከአንድ ጎን ርካሽ ጉልበት ሲገባ ሂሳቡ ያምራል። የዘዴው ችግር ግን ይሸፈናል። ጉልበት ርካሽ በሆነበት አገር ዘዴ ለመቀየር ማንም የማይቸኩለው ለዚህ ይመስለኛል። ይህን ስጽፍ የእኛን አገር እያሰብኩ ነው።

ጥናቱ በመጨረሻ ያቀረበው ሐሳብ ቁጥብ ነው። መርከቧ ትፍጠን አላለም። ሠራተኛው ይጨመር ወይም ይቀነስ ብሎም አላቆመም። መፍትሔው ምናልባት ዕቃው በየደረጃው እየተፈታ እንዳይነካ አድርጎ የማሸግ፣ የማንቀሳቀስና የመደርደር ዘዴ ማግኘት ነው አለ። አንዴ ከታሸገ እስኪደርስ አይፈታ ነው ነገሩ።

ሳጥኑ

የዋሪየር ባለቤት የነበረው ዋተርማን እ.ኤ.አ. በ1955 ተሸጠ። የገዛው ማልኮም ማክሊን ነው። ይህ ሰው የመርከብ ሰው አልነበረም። ከሰሜን ካሮላይና የመጣ የከባድ መኪና ባለንብረት ነው። ዋሪየርን ያጠኑት ሰዎች ዘዴ ይፈለግ ያሉትን፣ የዋሪየርን ድርጅት የገዛው ሰው አደረገው። ይህ መገጣጠም ሁሌም ይደንቀኛል።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 26 ቀን 1956፣ በእኛ ሚያዝያ 18 ቀን 1948 ዓ.ም.፣ አይዲያል ኤክስ የምትባል መርከብ ከኒው ዮርክ ማዶ ካለው ኒውርክ ወደ ሂውስተን ተነሳች። ከዚህ በፊት ነዳጅ የምትጭን መርከብ ነበረች። ፎቋ ላይ ዛሬ ኮንቴነር የምንላቸው 58 የአሉሚኒየም ሳጥኖች ተደረደሩ። የመኪና ተጎታች አካል ከጎማው ተነጥሎ ማለት ነው። ክሬኑ በየሰባት ደቂቃው አንድ አስቀመጠ። ከስምንት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ተጭና አለቀች።

ሂሳቡን የማክሊን ሰዎች ሠሩት። በዚያ ዓመት ነጠላ ነጠላ ዕቃ በተለመደው መንገድ መርከብ ላይ ለመጫን በቶን 5 ዶላር ከ83 ሳንቲም ያስከፍል ነበር። አይዲያል ኤክስ ላይ 15.8 ሳንቲም ብቻ ወጣ። የዶላር ሳንቲም ነው የምላችሁ፤ ዶላር እንኳ አልሞላም። ሰባት ደቂቃ ውስጥ ወደ ላይ የሚወጣው ሳጥን ውስጥ ምን እንዳለ ጫኙ አያውቅም። ማወቅም አያስፈልገውም። ካርቶን ይሁን ጆንያ፣ በርሜል ይሁን ወንበር፣ ለክሬኑ ሁሉም አንድ ሳጥን ነው።

ዓለም በአንድ ቀን አልተለወጠችም። የሳጥኑ መጠን በዓለም አቀፍ ደረጃ እስኪስማማ ድረስ ዓመታት ወስዷል። ዛሬ “ሃያ ፊት”፣ “አርባ ፊት” የምንለው የዚያ ስምምነት ውጤት ነው።

ሰዎቹስ?

የዋሪየርን ታሪክ የሚተርኩ ብዙዎች ሳጥኑ ጋ ሲደርሱ ያቆማሉ። እኔ እዚህ ማቆም አልችልም። በሰዓት 4,800 ዕቃ ያነሱት ሰዎች የት ገቡ?

በአሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ የሠራተኞቹ ማኅበር መሪ ሃሪ ብሪጅስ ነገሩ እንደማይቀር ቀድሞ ገባው። እ.ኤ.አ. በ1960 ከአሠሪዎቹ ጋር ተስማማ። ማሽን ይግባ፤ በምትኩ አሠሪዎቹ በአምስት ዓመት ተኩል 29 ሚሊዮን ዶላር ለሠራተኞቹ ያስገባሉ። ነባር ሠራተኛ በማሽን ምክንያት አይባረርም። በዕድሜው የሚወጣው ካሳ ያገኛል። ኒው ዮርክ ላይ ትግሉ ረዘመ። እ.ኤ.አ. በ1964 በተጀመረው ድርድር መጨረሻ የቡድኑ ቁጥር ከ20 ወደ 17 እንዲወርድ ተስማሙ። በምላሹ ሥራ ኖረም አልኖረም ለሠራተኛው በዓመት የ1,600 ሰዓት ክፍያ ዋስትና ተሰጠው።

ይህን ማኅበሮቹ በትግል አገኙት እንጂ ማንም በበጎ ፈቃድ አልሰጣቸውም። ሥራው ግን አልተመለሰም። የኒው ዮርኳ ማንሃተን ውስጥ ያሉት ወደቦች እ.ኤ.አ. በ1963 እና 64 መካከል 1.4 ሚሊዮን የሰው ቀን ያሠሩ ነበር፤ አንድ ሰው አንድ ቀን ሲሠራ አንድ ተብሎ ይቆጠራል። ከ12 ዓመት በኋላ 127 ሺህ ገደማ ቀረ። ከአሥሩ ዘጠኙ ጠፋ ማለት ነው። አባት ልጁን ይዞ የሚገባበት ሥራ ነበር። ሰፈሩ፣ ቡና ቤቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ሁሉም በወደቡ ዙሪያ የቆመ ነበር። የቀሩት ጥቂቶቹ ጥሩ ተከፋይ ሆኑ፤ ክሬን ነጂዎች ሆኑ። የብዙዎቹ ልጆች ግን ሌላ እንጀራ ፍለጋ ሄዱ።

ያ ሥራ በሙሉ ጠፋ ቢባልም ልክ አይሆንም። ሳጥኑን የሆነ ሰው መሙላት አለበት። የሆነ ሰው ባዶ ማድረግ አለበት። ሥራው ከወደብ ተነስቶ ወደ ፋብሪካው ጓሮና ወደ መጋዘኑ በር ሄደ። እዚያ ደግሞ የወደቡን የሚያህል የሠራተኞች ማኅበር አልነበረም።

ከዚህ ከኛ ጋር

ዕቃ ከውጭ የሚያስመጣ ሰው ይህን ታሪክ በሌላ ቋንቋ ያውቀዋል። ትራንዚተሩ “መልቲ ሞዳል ነው ዩኒ ሞዳል?” ብሎ ሲጠይቀው የሚጠይቀው ስለ ዋሪየር ነው። መልቲ ሞዳል ከሆነ ሳጥኑ ጅቡቲ ላይ ሳይከፈት እስከ ሞጆ ደረቅ ወደብ ድረስ ይመጣል። ዩኒ ሞዳል ከሆነ ጅቡቲ ላይ ተፈትቶ በመኪና ሊጫን ይችላል። በተፈታ ቁጥር እጅ ይነካዋል። እጅ በነካው ቁጥር ሂሳብ አለ።

ዲመሬጅ፣ ማለትም ዕቃ ከተፈቀደው ቀን በላይ ሲቆይ የሚጠየቀውን ክፍያ ከፍሎ የሚያውቅ አስመጪ ደግሞ 51 ቀን ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ብዙዎች ዕቃቸው ሲዘገይ “መርከቡ ዘገየ” ይላሉ። መርከቡ ሊዘገይ ይችላል። ብዙ ጊዜ ግን ቀኑን የሚበላው ሰነዱ ነው፣ መኪናው ነው፣ ቆሞ መጠበቁ ነው። የዋሪየርን ሂሳብ አንዴ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው “መርከቡ የት ደረሰ?” ብሎ አይሆንም። “ዕቃዬ አሁን የት ቆሟል? ማንን እየጠበቀ ነው?” ይላል።

ሳጥን ያልገባው ጭነትም አለን። ማዳበሪያና ስንዴ ጅቡቲ የሚደርሱት በልቅ ነው፤ ጉድጓድ ሙሉ ፈስሰው። ክሬኑ እየዛቀ ያወጣዋል። ወደቡ ላይ በማሽን ጆንያ ይሞላል፣ ይሰፋል፣ መኪና ላይ ይጫናል። ማዳበሪያ ሃምሳ ኪሎ ሃምሳ ኪሎ ነው። 50 ሺህ ቶን የያዘች አንዲት መርከብ ስትመጣ አንድ ሚሊዮን ጆንያ ማለት ነው። አንድ መኪና 400 ኩንታል ቢጭን 1,250 መኪና ያስፈልጋል። ያንን ጆንያ መኪናው ላይ የሚደረድረው ሰው ነው። ክረምት ሳይገባ ገበሬው እጅ እንዲደርስ የሚጣደፈው ጆንያ ሁሉ በዚያ ሙቀት ውስጥ በሰው እጅ ያልፋል።

ቡናችን ግን ሳጥን ውስጥ ገብቷል። ስድሳ ኪሎ የሚይዝ 320 ጆንያ በአንድ ሃያ ፊት ኮንቴነር ይገባል። 192 ኩንታል ነው። በሩ ታሽጎ ከሄደ በኋላ ገዢው አገር እስኪደርስ ማንም ጆንያውን አያነሳውም። ከመታሸጉ በፊት ግን 320ውንም ሰው ነው ያነሳቸው።

መርካቶ ሄዶ ኮንቴነር ሲራገፍ የቆመ ሰው የቀረውን ያያል። ከሻንጋይ ተነስቶ በሦስት ክሬን ያለፈ ሳጥን ነው። በሩ ይከፈታል። ውስጡ እስከ ጣሪያው ካርቶን ነው። ሁለት ልጆች ይገባሉ፤ ከላይ ያለውን ያወርዳሉ። ሌሎች ደጅ ቆመው ይቀበላሉ። አንዱ ወረቀት ይዞ ይቆጥራል። ሌላው ካርቶኑን ትከሻው ላይ ያደርግና በሰው መሃል እየተሹለከለከ፣ “ዞር በሉ! ዞር በሉ!” እያለ የሕንፃውን ደረጃ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ይወጣል። ያስቀምጥና ለሚቀጥለው ይመለሳል።